«አንድ ጠርሙስ ምን ያደርጋል?»

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ልጄን ለመጠየቅ ሰመራ ሰንብቼ ነበር። ኅዳር በዚያ አገር ሙቀቱ ጋብ የሚልበት፣ ሰውም ውጭ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ወር ነው። አንድ ማለዳ ከልጄ ቤት ብዙም ከማይርቅ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቲቱ ትኩር ብላ ስታየኝ ቆየችና «ሲስተር! አላወቁኝም እንዴ? አዋሽ እኮ እርስዎ ነዎት የተከታተሉኝ» አለችኝ።

ለጊዜው አላስታወስኳትም። ስትስቅ ግን ለየኋት። በ2004 ዓ.ም. አዋሽ ሰባት እሠራ በነበረበት ጊዜ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና የመጣች ልጅ ነበረች። ያኔ የነበረው ጽንስ አሁን የ12 ዓመት ልጅ ሆኗል። ጠርታ አስተዋወቀችኝ። ትሑት፣ ሳቂታ፣ እጅ ለመንሳት የሚሽቀዳደም ልጅ ነው።

ወዲያው ገንዘብ ሰጥታ «ሳሙና፣ ክብሪትና ስኳር ገዝተህ ና» ብላ ላከችው። ቆይቶ ክብሪት ብቻ ይዞ መጣ። መልሱ የለም፤ የት እንዳደረገውም አያውቅም። እናቱ እጇን ስታነሳ ልጁ ቀድሞ ፊቱን ሸፈነ። ይህ የዕለት ተዕለት ነገር እንደሆነ ከአሸፋፈኑ ገባኝ።

«ይኸው ነው ሲስተር» አለችኝ። «ዛሬ የነገርኩትን ነገ አያውቀውም። ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደገመ። አስተማሪው ባለጌ ነው ይለኛል። ጎረቤት ጸበል ውሰጂው አለኝ፤ ወሰድኩት። ገረፍኩት። እልኸኛ እንዳልል ደግሞ ሲገረፍ የሚያለቅሰው ለምን እንደተገረፈ ሳይገባው ነው። ምን ሆኖብኝ ነው?»

ምን ሆኖ ሊሆን እንደሚችል ገመትኩ። ግምቴ ግን ወደ ራሴ ነበር የመለሰኝ።

እኔ የመለስኩላት መልስ

አዋሽ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት እዚያ ደርሶ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጅቡቲ ይሄዳል። ከተማዋን የቆረቆራት የባቡር ሐዲድ ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን አሮጌው ባቡር ቆሞ ከተማዋ የምትኖረው በከባድ መኪና ነበር። ሹፌርና ረዳት ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ጫት የቃመም ምርቃናውን በጨብሲ ይሰብራል። ልጅቷ ከእነዚህ ቡና ቤቶች በአንዱ ነበር የምትሠራው። በእንዲህ ያለ ቤት ደንበኛ ሲጋብዝ እምቢ ማለት ገበያ ማባረር ነው።

ለክትትል ስትመጣ ራሷ ናት የጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ ሥራዬ መጠጥ ቤት ነው። ቢራ ልጁን ይጎዳዋል?» አለችኝ። እኔም የ30 ዓመት ልምድ ያላት ነርስ፣ ደም ግፊቷን እየለካሁ «አረቄውን ተዪ እንጂ አንድ ጠርሙስ ቢራ ምን ያደርጋል?» ብዬ መለስኩላት።

ይህን ስጽፍ ያፍረኛል። ክፋት አልነበረም፤ አለማወቅና ቸልተኝነት ነው። ስንማር ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ወባ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ምጥ በደንብ ተምረናል፤ መጠጥ ለጽንስ አደገኛ መሆኑ ግን በአንድ መስመር የታለፈ ነገር ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። አፋር ውስጥ ስንሠራ «እዚህ ያሉ እናቶች ሙስሊም ናቸው፣ አይጠጡም» ብለን ጥያቄውን ከነጭራሹ ትተነው ነበር። ስለ አፋር አርብቶ አደር እናት ይህ በአብዛኛው እውነት ነው። የሎግያ፣ የሚሌ፣ የአዋሽና የሰመራ ከተሞች ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባቸው ናቸው። እኛ አገሩን አይተን ሴቲቱን ሳናይ ቀረን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ለክትትል በመጣች ቁጥር ስለ መጠጥ እንድትጠየቅ መክሯል። ሙስሊም ናት፣ ጾመኛ ናት፣ ጨዋ ናት ብሎ የሚዘለል ሰው የለም። ጥያቄውም እንደ ፖሊስ ምርመራ ሳይሆን «የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው?» እንደሚባለው በቀላሉ የሚጠየቅ ነው።

ማሕፀን ውስጥ ምን ይሆናል?

እንግዴ ልጅ ብዙ ነገር ያጣራል፤ አልኮልን ግን አያግድም። እናት ጠጥታ ጥቂት ሲቆይ በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን ከእሷ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የእናትየዋ ጉበት አልኮሉን እየሰባበረ ሲያስወግደው የጽንሱ ጉበት ገና ለዚህ ያልደረሰ መሆኑ ነው። ጽንሱ በሽንቱ ወደ ሽርት ውሃው ያስወጣዋል፤ ያንኑ ውሃ ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። ስለዚህ የእናት ስካር ሲለቃት የልጁ ወዲያው አይለቀውም።

ከአዋሽ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ የሚጠጡትን የአሚባራንና የዱብቲን እርሻዎች ያየ ሰው የአንጎልን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ከወንዙ ዋናው ቦይ ይወጣል፤ ከዋናው መለስተኛ ቦዮች፤ ከእነሱ ደግሞ በየማሳው የሚገቡ ትናንሽ ቦዮች። መሬቱ ጥሩ ቢሆንና ውሃው ቢሞላ እንኳ ቦዩ በቦታው ካልተቆፈረ አንዱ ማሳ ይደርቃል፣ ሌላው ይጥለቀለቃል። አንጎልም እንዲሁ ነው። የነርቭ ሕዋሳት መብዛታቸው ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ከሌላው የሚገናኝበት መስመር በትክክል መዘርጋት አለበት።

ይህ ሥራ በሦስት ዙር ይከናወናል። በመጀመሪያው ወር የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መሠረት የሆነው ቱቦ ተሠርቶ ይዘጋል፤ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳ አታውቅም። የፊት ቅርጽ መሠረቱ የሚጣለውም በዚሁ ሰሞን ነው።

ሁለተኛው ዙር ከሁለተኛው እስከ አምስተኛውና ስድስተኛው ወር ድረስ ያለው ነው። አዲስ የተወለዱ የነርቭ ሕዋሳት ከአንጎል ውስጠኛ ክፍል ተነሥተው እንደ መሰላል በሚያገለግሉ ሌሎች ሕዋሳት ላይ እየተንጠላጠሉ ወደ መደበኛ ቦታቸው ይጓዛሉ። አልኮል ይህን ጉዞ ያሰናክላል፤ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያዙበትንም «ሙጫ» ያበላሻል። የተሳሳተ ቦታ ላይ የቀረ ሕዋስ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቦታው አይሄድም።

ሦስተኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ተጧጡፎ ከተወለደም በኋላ የሚቀጥለው ነው። ሕዋሳቱ ክንዳቸውን ዘርግተው እርስ በርስ ይገናኛሉ። የሚነጋገሩት በኬሚካላዊ ምልክት ነው፤ አንዱ «ሂድ»፣ ሌላው «ቁም» እንደማለት ነው። አልኮል «ሂድ» የሚለውን ያፍናል፣ «ቁም» የሚለውን ያጎላል። በግንባታ ላይ ያለ ሕዋስ ምልክት ካልደረሰው «አልተፈለግሁም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጥ ግልገሎች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ግልገሎቹ በዚህ የእድገት ደረጃ ላይ ሳሉ አልኮል ሲሰጣቸው በሰዓታት ውስጥ እጅግ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ሞቱ።

እንግዲህ «ሦስት ወር ካለፈ አይጎዳም» የሚባለው ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ወር ካለፈ ፊት ይተርፍ ይሆናል፤ አንጎል ግን እስከ መጨረሻው ቀን ሥራ ላይ ነው።

ልጁን ሲያዩት

ጉዳቱ ከበረታ በፊት ላይ ይታያል። ዓይን አጠር ብሎ ይከፈታል፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር ያለው ስርጉድ ይለጠጣል፣ የላይኛው ከንፈር ይሳሳል፣ ጭንቅላትና ቁመት ያንሳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ለሙዋን እ.ኤ.አ. በ1968 በ127 ሕጻናት ላይ ይህን ጽፎ ነበር፤ ብዙም የሰማው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም ካወጡለት በኋላ ነው ዓለም ያወቀው።

ነገር ግን ከተጎዱት አብዛኞቹ ልጆች ፊታቸው እንደማንኛውም ልጅ ነው። ጉዳቱ ያለው በማይታየው መስመር ላይ ነው። ቀኝና ግራ አንጎልን የሚያገናኘው ወፍራም ድልድይ ሊሳሳ ይችላል። ትዝታን የሚመዘግበው ክፍል፣ ሚዛንን የሚጠብቀው ክፍል፣ ከሁሉም በላይ «ቆም በል፣ አስብ፣ ከዚያ አድርግ» የሚለው የግንባር ክፍል ይዳከማል።

ስለዚህ ልጁ ወሬ ያውቃል፣ ይጫወታል፣ ሰው ይወዳል፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ ግን አንዱን ብቻ ይይዛል። ገንዘብና ሰዓት አይገቡትም። ሒሳብ ይከብደዋል። ትናንት የቻለውን ዛሬ ይረሳዋል። ድምፅና ግርግር ሲበዛበት ይቆጣል። የተገረፈበትን ጥፋት ነገ ይደግመዋል፤ ምክንያቱም ቅጣቱንና ጥፋቱን የሚያገናኘው መስመር ደካማ ነው። ይህን ልጅ «ባለጌ» ማለት እግሩ የተሰበረን ሰው «ሰነፍ» እንደማለት ነው።

ይህን ጉዳት ብቻውን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። የደም ማነስ፣ የአንጎል ወባ፣ ምጥ ላይ መታፈን፣ የመስማት ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ «ይህ ነው» ብዬ ልፈርድ አልችልም። ሐኪሙ የእርግዝናውን ታሪክ ይጠይቃል፣ ልጁን ይመረምራል፣ ሌላውን ምክንያት ያጣራል። ለዚህ ነው የእናት እውነተኛ ቃል እንደ መድኃኒት የሚቆጠረው፤ እናት ደግሞ እውነቱን የምትናገረው ካላስፈራራናት ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ከአሥር ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ በእርግዝና ወቅት አልኮል እንደምትጠጣ፣ በየዓመቱም 119 ሺህ ያህል ሕጻናት ፊት ላይ በሚታየው ከባድ ዓይነት ተጎድተው እንደሚወለዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ያሳያል። ከፍተኛ ቁጥር ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ የወይን እርሻ ሠራተኞች ለረጅም ዘመን ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ ይቀበሉ ነበር። የሰው ኑሮ ከመጠጥ ጋር በተሳሰረበት ቦታ ሁሉ ዋጋውን የሚከፍለው ልጅ ነው።

በየቤታችን የሚባለው

መጠጥ ቤት የምትሠራዋን ብቻ እንዳንወቅስ እንጠንቀቅ። በክርስትና፣ በማኅበርና በሠርግ ቤት «አምሯት እንዳይቀር፣ ትቅመስ» ብለን ብርጭቆውን የምናስይዛት እኛው ነን። «ጠላ እህል ነው»፣ «ቢራ ደም ይሆናል»፣ «ጥቁር ቢራ ወተት ያመጣል» የሚለውንም የምናወርሰው እኛው ነን።

እውነቱን ልንገራችሁ። 5 በመቶ አልኮል ያለበት 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። 40 በመቶ በሆነ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር ያህል መለኪያ ውስጥ ያለውም ከዚህ ብዙ አይለይም። «አረቄውን ተዪ፣ ቢራውን ጠጪ» ብዬ የመከርኩት ምክር ስለዚህ ውኃ የሚቋጥር አልነበረም። ጠላም እንደ አጠማመቁ ይለያያል፤ አንዳንዱ ከቢራ አያንስም። ጠጅ ብዙውን ጊዜ ከቢራ ይጠነክራል። ቤት ውስጥ የተጠመቀ ስለሆነ ጽንሱ አይምረውም።

ቢራ ደም አይሆንም። ደም የሚሆነው በክትትል ጊዜ የሚሰጠው የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን፣ ምስር፣ ጤፍ፣ ጉበትና አረንጓዴ ቅጠል ነው። ወተት የሚያመጣውም የልጁ መጥባት፣ ውሃና በቂ ምግብ ነው። አልኮል ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚያዳክም እናት ከጠጣች በኋላ ልጁ የሚያገኘው ወተት ያንሳል። አራስ ቤት አጥሚቱ በቂ ነው። ለነፍሰ ጡሯም በግብዣ ላይ ያልፈላ ብርዝ ወይም አልኮል የሌለው ማልት ቢቀርብላት ማንም አይቀየምም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም መሸጥን ከልክሏል። መልካም ነው። የነፍሰ ጡሯን ብርጭቆ ግን አዋጅ ብቻ አያነሣውም። ባል፣ አማት፣ ጎረቤትና ነርስ ናቸው የሚያነሡት። በተለይ ባል። «አንቺ ተዪ» እያለ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ፊቷ የሚጠጣ ባል አልረዳትም፤ ዘጠኙን ወር አብሯት ቢተው ግን ልጁን አብሮ ፀነሰው ማለት ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በዚያው በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት እናቶች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ለክትትል ሄደዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሄዱት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ነርሷ ብትመክር እንኳ ምክሩ የሚደርሰው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት መጠጥ መተው ያለባት የወር አበባዋ ሲቀር ሳይሆን ልጅ ባሰበች ቀን ነው።

ይህን አንብባ «እኔ ሳላውቅ ጠጥቻለሁ፣ አለቀልኝ» የምትል ካለች አትደንግጥ። የጠጣች ሁሉ የተጎዳ ልጅ አትወልድም። ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ አስተማማኝ መጠን የሚባል የለም። ዛሬ ብትተው ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ቦይ አዳነች። በየቀኑ የምትጠጣና ሳትጠጣ ስትቀር እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባት ሴት ግን በአንድ ጊዜ በራሷ እንዳታቆም፤ አደጋ ስላለው ጤና ተቋም ሄዳ በሐኪም እርዳታ ታቁም።

ለእናቲቱ ያልኳት

ያን ዕለት ሁሉንም እንደዚህ አልነገርኳትም። በመጀመሪያ የነገርኳት የራሴን ነው። «ያኔ ጠይቀሽኝ ነበር፤ የመለስኩልሽ ስሕተት ነበር» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ነኛ ያበላሸሁት?» አለችኝ።

«አንቺ የጠየቅሽ ነሽ» አልኳት። «ጠይቀሽ መልስ ያጣሽ ነሽ። ደግሞም ልጁ አልተበላሸም፤ መንገዱ ነው የተለየው። እኛ መንገዱን ማወቅ አለብን።»

አለቀሰች። እኔም ከእሷ የተሻልኩ አልነበርኩም።

አንጎሉ እንደገና አይሠራም፤ የሚረዳው ነገር ግን ብዙ ነው። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አን ስትራይስጉዝ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ነበር። ካገኟቸው ነገሮች ሁለቱን ልጥቀስ። ችግሩ ከስድስት ዓመት በፊት የታወቀላቸውና የተረጋጋ፣ ፍቅር ያለበት ቤት ያደጉት በኋላ ከትምህርት ቤት ከመባረርም፣ ከሕግ ጋር ከመጋጨትም በብዙ ድነዋል። ለዚህ ልጅ ስድስት ዓመት አልፏል፤ የተረጋጋ ቤት ግን አላለፈበትም።

የመከርኳት ይህን ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዢው። ስትነግሪው ዓይኑን እያየሽ፣ በአጭሩ ንገሪው፤ ከዚያ መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ። ሳሙና ሲላክ የሳሙናውን ባዶ ማሸጊያ አስይዢው። መኝታው፣ ምግቡ፣ ጥናቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። ጥሩ ሲሠራ ወዲያው አመስግኚው፤ ሲያጠፋም ወዲያው፣ በረጋ ድምፅ አርሚው። ዱላውን ጣይው፤ ዱላ የጠፋ መስመር አይዘረጋም። ለአስተማሪውም «ፊት ለፊት ያስቀምጡልኝ፣ ትእዛዙን ይከፋፍሉለት» በዪው። ከዚያም ሌሎቹ ምክንያቶች እንዲጣሩ፣ ጆሮውና ዓይኑም እንዲታይ ወደ ሕጻናት ሐኪም ውሰጂው አልኳት።

በፋሲካ ልጄ ስትደውል ከሻይ ቤቷ መልእክት አመጣችልኝ። ወደ ሐኪም ወስዳዋለች፤ ክትትሉ ቀጥሏል። አስተማሪው መጀመሪያ ስቆ ነበር፤ አሁን ፊት ለፊት አስቀምጦታል። ልጁ አሁንም ሒሳብ አይሆንለትም። ግን ባዶ ማሸጊያና ባዶ ክብሪት ይዞ ሄዶ ሳሙናና ክብሪት ከነመልሱ ይዞ ይመለሳል። ሲመለስም ፊቱን አይሸፍንም።

በዓለም ላይ ይህ ጉዳይ የሚታሰበው በዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን ነው፤ የዘጠኙን ወር እርግዝና ለማስታወስ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ላይ ይውላል፤ ለዓመት በዓል ጠላው በየቤቱ የሚጠመቅበትና ጠጁ የሚጣልበት ሰሞን ነው። ዘንድሮ በዚያ ቀን እንግዶቻችሁ መሃል ነፍሰ ጡር ካለች ብርጭቆዋን ከመሙላታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አስታውሱ። «አንድ ብርጭቆ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለም፣ አንዲት ነርስ ይህንኑ ብላ ከ12 ዓመት በኋላ ሰመራ ላይ መልሱን እንዳገኘች ንገሩልኝ።

ቸር እንሰንብት።